የተሰወረ እንከን በረካን ያጠፋል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው የምንኖር ሰዎች ጀንፈል ስንገዛ ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይተን ዋጋ አንቆርጥም። እጃችንን ከትተን ከመሐል እንዘግናለን። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቡና ከስሮ ቤት ያፈርሳልና። ይህንኑ ፍተሻ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ላይ አድርገውታል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ልብ በሉ! ዝናቡን ያዘነበው ነጋዴው አይደለም። ጥፋቱ መሸሸጉ ነው።

ዛሬ ይህን ያነሳሁት ስለ ቡና ብቻ ልናገር ብዬ አይደለም። የቡናችን ገንዘብ ተመልሶ ስለሚገዛው መኪና ነው። አንድ የማውቀው ወንድም የዓመታት የቡና ሽያጩን አጠራቅሞ፣ የዘመድ ብድር ጨምሮ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አዲስ የተባለ መኪና ገዛ። ወር ሳይሞላ ማርሹ እምቢ አለ። ሻጩን ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «አይተህ ነው የገዛኸው፤ ከግቢ ከወጣ በኋላ አያገባኝም» የሚል ሆነ። መኪናው በር ላይ ቆመ፤ ብድሩ ግን አልቆመም። ከሁሉ ያሳዘነኝ አንዳንድ ወገኖች «ቀደር ነው፣ ሰብር አድርግ» ብለው ማሰናበታቸው ነው። ሰብር ታላቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ሸሪዓ የሰጠውን ሐቅ ለበዳይ መተው ግዴታ ነው ያለ ማን ነው?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ወተቷ የበዛ እንዲመስል ሳትታለብ ቆይታ የተሸጠች እንስሳ የገዛ ሰው ካለባት በኋላ ምርጫ አለው። ከወደዳት ያስቀራታል፤ ካልወደዳት ከአንድ ቁና ቴምር ጋር ይመልሳታል። በአንዳንድ ዘገባ የጊዜው ገደብ ሦስት ቀን ነው። ገዢው ስለተጠቀመባት ብቻ የመመለስ መብቱ አልተነካም፤ ሻጩም ለታለበው ወተት ካሳ አላጣም። የፊቅህ ሊቃውንት ይህን መብት ኺያሩል ዐይብ ይሉታል።

በአሜሪካ የኮኔቲከት ክፍለ ግዛት እንከን ያለበትን አዲስ መኪና የሚመለከት ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ በ1982 ነው። ሊጠገን ያልቻለ አዲስ መኪና እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲመለስ፣ ገዢው ለተጠቀመበትም ተመጣጣኝ ሂሳብ እንዲቀነስ ያዛል። ሚዛኑ ከዚያች እንስሳና ከቁናው ቴምር ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ተመልከቱ።

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት የማያበቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ዋስትናውን የሚያስቀር ውል ቢፈረም እንኳ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ውሉ አያድነውም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ደንግጓል። እንግዲህ «ከግቢ ከወጣ አያገባኝም» የሚለው ቃል በዲንም በሕግም መሠረት የለውም።

ገዢም ግዴታ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕቃውን ሳይዘገዩ መመርመርን፣ ጉድለቱንም ለይቶ ለሻጩ ወዲያው ማስታወቅን ይጠይቃል። ክሱም ካስታወቀበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በሻፊዒ መዝሀብም እንከኑን ያወቀ ሰው ወዲያው ይመልሳል እንጂ እየነዳበት አይከርምም። በቁርኣንም፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ አላህ (ሱ.ወ) ዕዳን እንድንጽፍ፣ ስንሻሻጥም እንድናስመሰክር አዞናል። ስለዚህ ደረሰኝ ያዙ፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በውሉ ላይ ይስፈር፤ የዋስትናው ዘመንና ጥገናው የት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይግባ። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ አዲሱ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሆኗል። የመኪናው ልብ ባትሪው ነው፤ ከቴፒ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለ ባትሪው ዋስትና ሳይጠይቁ መግዛት ጆንያውን ሳይፈትሹ መግዛት ነው።

ለሻጮችና ለደላሎች የምላችሁ አለኝ። ሶሐባው ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) አንድ ግመል ተሽጦ ሲሄድ ገዢውን ተከትለው ጠሩት። ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ ብለው ጠየቁት። ለጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው ሰኮናው ቀዳዳ እንዳለበትና መንገድ እንደማይችል ገለጹለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ቢቆጣም፣ እርሳቸው ለእያንዳንዱ ሙስሊም ቅን ሊሆኑ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ነገሩት። ኢማም አቡ ሐኒፋም ሸሪካቸው የልብሱን እንከን ሳይናገር በሸጠ ጊዜ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ እንዳወጡት ተዘግቧል። የዛሬው ደላላ ኮሚሽኑን ለማትረፍ ዝም ሲል የማንን መንገድ ይከተላል?

ወንድሞቼ! ሚዛኑ ግን በሁለት በኩል ይመዝናል። ከመኪና ሻጭ ሐቃችንን የምንጠይቅ እኛ፣ እርጥብ ጀንፈል ከደረቁ በታች ደብቀን አልሸጥንምን? ድንጋይ ከቡናው ጋር አልመዘንንምን? ሱረቱል ሙጠፊፊን ወዮታን ያወጀው ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ በሚያጎድሉት ላይ ነው። ሐቃችሁን ጠይቁ፤ የሌላውንም ሐቅ መልሱ። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው እንከኑን ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚገባ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው እንደሚጠፋ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

አላህ ገበያችንን ከማታለል ያጥራልን፤ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።