ድንኳኑ ሳይተከል ጠይቁ

መካነ ሰላም ያላችሁ ልጆቼ፣ በየትምህርት ቤቱም በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም የምትማሩ፣ በስልካችሁ የምታነቡትን ዓይነት ታሪክ አውቀዋለሁ። ገዢው ሁሉን ያያል፣ ማን ማንን እንደሚያገባ እንኳ ከላይ ይወሰናል። በዚያ መሐል ሁለት ወጣቶች ይዋደዱና "ለምን?" ብለው ይነሳሉ። የሱዛን ኮሊንስ "ዘ ሃንገር ጌምስ" እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ልብ ወለድ በዝቷል። አንብቡት። ያ አገር የሌላ ሰው አገር ነው ብላችሁ ግን አትለፉት።

አባይን ብትሻገሩ ጎጃም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" የዚያ ማዶ ታሪክ ነው። በዛብህን ያሰረው የወላጆቹ ስለት ነው፤ ልጃችን ይኑርልን ብለው ዕድሜውን ለእግዚአብሔር ተሳሉበት። ሰብለ ወንጌልን ያሰራት የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ አጥንት ቆጠራ ነው፤ የሚመጥናት ባል ጠፋ እየተባለ ወጣትነቷ አለፈ። ጠላት ሲያስገድዳችሁ እምቢ ማለት ታውቃላችሁ። እናት በስስቷ፣ አባት በክብሩ ሲያስገድዱ ግን አንደበት ይተሳሰራል፤ ከባዱ ይህ ነው። በልብ ወለዱ ይህን ሥርዓት በአደባባይ የጠየቀው ጉዱ ካሣ ነበር፣ እሱም እብድ ተባለ። ሁለቱ ፍቅረኞች በመሸሽ መለሱ፤ ሰብለ መነኩሴ መስላ ፍለጋ ወጥታ በዛብህን ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነበር።

በእኛው በመካነ ሰላም ዙሪያ በቦረና ወረዳ ገጠር ደግሞ ይህን አይታችሁ ይሆናል። ሽማግሌ ተልኮ መጥቷል፣ ትልልቆቹ መደብ ላይ ተቀምጠው "ልጃችሁን ለልጃችን" ይላሉ፣ ስለ ጥሎሹ ይነጋገራሉ። ቡናውን ቀድታ ሲኒውን ከእጅ ወደ እጅ የምታዞረው ራሷ ልጅቷ ናት። የምትሰማው የገዛ ዕጣዋን ነው፤ ቀና ብሎ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" የሚላት ግን የለም። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ስላክ ልጅቷ ተጠርታ ሳትጠየቅ ከመቀመጫዬ አልነሳም። አንዳንዶች ቅር ይላቸዋል፣ ይበላቸው።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። በክልላችን የቤተሰብ ሕግም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ይህን ለአባታችሁ በቁጣ አትወርውሩት። ድንኳን ሳይተከል፣ ጠላ ሳይጠመቅ፣ ዘመድ ሳይጠራ በፊት ንገሩት። ከተደገሰ በኋላ አባት የሚሟገተው ለልጁ ሳይሆን ለደጃፉ ክብር ነው፤ ቀድሞ የተነገረው ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል። እናንተን ካልሰማ አጎት አለ፣ መምህር አለ፣ ቄስ ወይም ሼህ አለ። ማንም ካልሰማ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ አሉ።

ሌላም ልጨምር፣ ይህን ወጣቶች አትወዱትም። ጥያቄውን ወደ ራሳችሁ ወገንም አዙሩት። ደራሲው በዓሉ ግርማ በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። መንግሥት በኤርትራ አማፅያን ላይ በከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ መሐል በአሥመራ ያለፈን ፍቅር "ኦሮማይ" ብሎ በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም የጠየቀው እሱ ራሱ የሚያገለግለውን መንግሥት ነው። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የጠላትን ግፍ ማንም ይቆጥራል። የራስን ቤት መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል፣ የሚያስከብረውም እሱ ነው።

ስለዚህ አንቺ ልጄ፣ የምትወጂው ልጅ "የስልክሽን መክፈቻ ስጪኝ፣ ከማን ጋር ዋልሽ፣ ይህን አትልበሺ" ካለሽ፣ ከአባትሽ ቤት የሸሸሽው ቁጥጥር በፍቅር ስም ተከትሎሻል። "ከወደድሽኝ ዛሬ ማታ አብረን እንጥፋ" የሚልሽንም ለምን ማታ እንደሆነ ጠይቂው። አንተም ልጄ፣ ጓደኞችህ ጠለፋን ጀግንነት አስመስለው ሲያወሩ ዝም አትበል፤ ሕጉ ወንጀል ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው ነው የምለው።

ዛሬ ማታ ደግሞ እናታችሁን ብቻዋን ስታገኟት፣ ስትዳር ማን ፈቃዷን እንደጠየቃት አጫውችን በሏት፤ እስክትጨርስም ሳታቋርጡ ስሟት።