ስለ ወረስነው ዕቃና ስለ ጠጋኙ ሕሊና

ከአባት የወረሱትን ያረጀ ዕቃ መጠገን መልካም ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መጠገን ማለት አሮጌውን አዲስ ማስመሰል ነውን? ወይስ የተሰበረውን አቃንቶ፥ ያለፈበትን ዘመን ሳይሸፍኑ ማኖር?

በደጎሎ የሚኖር አንድ ጎልማሳ አባቱ ሲሞት አንዲት የመጫወቻ ባቡር ወረሰ እንበል። አባትዮው በድሬ ዳዋ የምድር ባቡር መጠገኛ ሲሠራ ሳለ የላካት ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡበት ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። ወደ ወሎ ደጋ ግን አልመጣም። ስለዚህ ልጁ በሕፃንነቱ ያየው ባቡር ይኸው በቁልፍ እየተጠመዘዘ በሞላ ኃይል የሚሄደው ብቻ ነው።

ጎልማሳው የደረቀውን ዘይት በነጭ ጋዝ አጠበ፤ ዝገቱን ፋቀ፤ የተሰበረውን መንኰራኵር በሌላ ተካ። ባቡሯም ሄደች። ቀጥሎ በጎኗ ያለውን ጭረት በቀለም ሊሸፍን ብሩሽ አነሣ። ጭረቱ አባቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብሎ በራሱ ፈንታ ባቡሯን በላከ ጊዜ፥ ልጁ ተቈጥቶ ከግድግዳ ጋር ሲያጋጫት የደረሰባት ነው። እናቱ ግን፦ «ልጄ፥ እሱን ተወው፤ አባትህ በመጣ ጊዜ ያን አይቶ አልቅሷል» አለችው።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፥ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ እንጨት በአዲስ እየለወጡ ስላኖሩት፥ ፈላስፎች «ይህ ያው መርከብ ነውን?» እያሉ ይከራከሩ ነበር። የኛ ብራና ጠጋኞችም ቅጠሉ ሲቀደድ በክር ይሰፉታል፤ ስፌቱ ግን አይደበቅም። መጽሐፉ ይነበባል፤ መቀደዱም ይታወቃል።

እኔም እንዲህ እላለሁ፦ መንኰራኵር ለመሄድ ነውና ይለወጥ፤ ጭረት ግን የሆነውን የሚናገር ምስክር ነውና ይቈይ። ይህን ስል ስንፍናን ማመስገኔ አይደለም። ዝገትን «የአባቴ ነው» ብሎ መተው ዕቃውን ማጥፋት ነው፤ ጠባሳን መሸፈን ደግሞ እውነቱን ማጥፋት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የሞቱ ወላጆቻችንንም የምናስባቸው እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ቂሙን እንደ ዝገት ትቶ ፍቅሩን ያስበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ አባቱን በወርቅ ቀለም ቀብቶ እንከን የሌለበት ያደርገዋል። የዚያ አባት ደመወዝ ቤቱን አብልቷል፤ አለመምጣቱም ልጁን አሳዝኗል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ጎልማሳው ብሩሹን አስቀመጠ፤ ባቡሯንም ጠምዝዞ ለልጁ ለቀቀለት። ልጁም ጭረቱን በጣቱ ዳሶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባትም ተቀምጦ ነገረው።