ቤቱ ቀዝቅዞ ነው ወይስ በሩ ጠቦ?

አንድን ነገር ራሱን ሳናገኝ፣ ተለውጦ የደረሰንን ወሬውን ብቻ ይዘን «አወቅነው» ማለት ይገባናል? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስላል። የፊዚክስ ሰዎች ግን በላቦራቶሪ ውስጥ ተጋፍጠውታል፤ እስቲ እኛም እንመልከተው።

የአቶም አስኳሎችን አዋሕዶ ኃይል ለማውጣት ጋዙ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ መጋል አለበት። እንዲህ የጋለ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል፤ ችሎ የሚይዘው ዕቃ ስለሌለ በማግኔት ኃይል ታግዶ ይቆያል። ታዲያ ሙቀቱ በምን ይለካል? ቴርሞሜትር አይከቱበት ነገር! ደግነቱ ኤሌክትሮኖች በማግኔቱ መስመር ዙሪያ ሲሾሩ ሞገድ ይረጫሉ፤ የሞገዱ ድግግሞሽ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ፣ ብርታቱም የቦታውን ሙቀት ይነግረናል።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ላይ ሥራ እንደጀመረው ኤን.ኤስ.ቲ.ኤክስ. ባሉ ድቡልቡል ቶካማኮች ውስጥ፣ የኤሌክትሮኑ ብዛት ከማግኔቱ ጉልበት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ስለሚያይል ያ ሞገድ መውጫ ያጣል። የሚቀረው አይራ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ ያሳወቀው ሞገድ ነው። ይህን ሞገድ የሚሸከመው ደግሞ የኤሌክትሮኖቹ እንቅስቃሴ ስለሆነ ኤሌክትሮን በሌለበት መኖር አይችልም፤ እንደ ዓሣና ውኃ ማለት ነው። ወሬው ወደ ውጭ የሚደርሰው ሞገዱ ፕላዝማው ዳር ላይ ወደ ተራ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ሁሉም ግን አይለወጥም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአንቴናው የምናገኘው ቁጥር የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ የውስጡ ሙቀትና የዳሩ አሳላፊነት። ቁጥሩ ሲያንስ ቤቱ ቀዝቅዞ ነው ወይስ በሩ ጠቦ? ከአንዱ ቁጥር ብቻ መልስ አይገኝም። ቸኳይ ሰው «በሩ ይህን ያህል ያሳልፋል» ብሎ የፈለገውን ሙቀት ሊያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ መለኪያው መስታወት ይሆናል፤ የሚያሳየውም የተመልካቹን ምኞት ነው።

የኤን.ኤስ.ቲ.ኤክስ. ሰዎች ሌላ ምስክር ጠሩ። ሌዘር ተኩሰው ከኤሌክትሮኖቹ ከሚበተነው ብርሃን ሙቀቱን ለብቻው ለኩ። ሁለቱን ሲያስተያዩ በሩ 10 በመቶ ገደማ ብቻ የሚያሳልፍበት ጊዜ እንዳለ ተገለጠ። ለካስ ሞገዱ ሳይለወጥ በፊት ቀዝቀዝ ባለው ዳር ላይ በግጭት ይበላ ኖሯል! ሊቲየም አትንነው የውስጡን ግድግዳ ሲለብጡት የዳሩ ሁኔታ ተለወጠ፤ ማሳለፉም ወደ 60 በመቶ ገደማ ወጣ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ንጋትስ እሺ፣ ተኝተን ብናድርም ይነጋል። እዚህ ግን እውነቱ የጠራው ግድግዳ የለበጠና ሁለተኛ ምስክር የጠራ ሰው ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው የኔ መልስ፣ አዎን፣ ራሱን ያላገኘነውን ነገር ማወቅ ይቻላል የሚል ነው። ዕዳ ግን አለበት፦ ወሬው በየት አልፎ፣ ምን ያህሉ መንገድ ላይ ቀርቶ እንደደረሰን መመርመርና ሳይደብቁ መናገር። ዕዳው ደግሞ የፊዚክስ ሰዎች ብቻ አይደለም። ክፍል ውስጥ ዝም የሚለውን ጓደኛችንን «ባዶ ነው» ስንል የለካነው እሱን ነው ወይስ ባልለመደው ቋንቋ የሚጠየቅበትን በር? መጀመሪያ በሩን እንለካ፤ ፍርዱ ይደርሳል።