ስለ ውል ማፍረስና በገደል አፋፍ ስለ መደራደር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ከባልንጀራው ጋራ፥ መንግሥትም ከሌላ መንግሥት ጋራ የተዋዋለውን ውል ለማሻሻል በፈለገ ጊዜ «ያልሁት ካልሆነልኝ ሁሉንም ጥዬ እሄዳለሁ» ብሎ መዛቱ የተገባ ነገር ነውን? ወይስ እንዲህ ያለው ዛቻ ሁሉ የሐሰት ታናሽ ወንድም ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ በፍኖተ ሰላም ከተማ የታሪክ ትምህርት የሚያስተምር አንድ ወጣት ወዳጄ ነው። እርሱም እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበትን ነገር ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ውሎ፥ ማታ ወደ ቤቴ መጥቶ «የኔታ፤ እስከ ገደል አፋፍ ድረስ ያልሄደ ሰው መልካም ውል አያገኝም» አለኝ። እኔም በዚያ ምሽት የምመልስለት አጣሁ። ይህ ጽሕፈት ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው፤ መልስ ከተባለ።

የእንግሊዝ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከመቶው 52 የሚሆነው «ከኅብረቱ እንውጣ» አለ፤ መንግሥቱም በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የመውጫ ማስታወቂያውን ሰጠ፤ ለመለያያው ውል የተቈረጠው ቀን ሁለት ዓመት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ተደራድረው ያመጡትን ውል የገዛ ምክር ቤታቸው በጥር 2011 ዓ.ም. 432 ድምፅ በ202 ጣለው፤ በመጋቢትም ሁለት ጊዜ መልሶ ጣለው። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ምክር ቤቱ «ይህን አልወድም» ከማለት በቀር የሚወደውን በብዙ ድምፅ ሊወስን አለመቻሉ ነው። ቀኑ ሦስት ጊዜ ተራዘመ። ቦሪስ ጆንሰን በተተኩም ጊዜ ውል ቢኖርም ባይኖርም በቀኑ እንወጣለን እያሉ ምክር ቤቱን ለአምስት ሳምንት ቢዘጉት፥ የአገሩ የበላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 2012 ዓ.ም. «ሕገ ወጥ ነው» ብሎ ሻረባቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በጥር 2012 ዓ.ም. በውል ወጡ፤ የንግዱም ውል የተቋጨው የመሸጋገሪያው ዘመን ሊፈጸም አንድ ሳምንት ሲቀረው፥ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ወገን እስከ አፋፉ ሄደው፥ ቍልቍል አይተው፥ ተመለሱ። ወዳጄ የሚያደንቀው ይህን ነው።

እኔም ቢሆን ይህን ዓይነቱን ብልሃት የማላውቀው አይደለሁም። በቡሬ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ዋጋ ጠርቶ፥ ትከሻውን ነቅንቆ፥ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ ሻጩም ይጠራዋል። መሄዱ የውሸት መሆኑን ሻጩም ያውቃል፥ ገዢውም ሻጩ ማወቁን ያውቃል፤ ስለዚህም ማንም አልተታለለም፥ ማንም አልተጐዳም። ነገር ሁሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ወዳጄን በዚያው ምሽት «እውነት ተናገርህ» ብዬ እሸኘው ነበር። ነገር ግን በልጅነቴ ያየሁት አንድ ነገር አለ።

አባቴና አንድ ጎረቤታችን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸውና መቀናጆ ሆነው ያርሱ ነበር። በአጠገባቸውም የሚያርስላት ያጣች አንዲት መበለት ነበረች፤ ሁለቱ የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ መሬቷን አርሰው ይዘሩላታል፥ እርሷም በአረም ጊዜ ታግዛቸዋለች። ከዓመቶቹ በአንዱ፥ የጤፍ ዘር በደረሰበት በሐምሌ ወር፥ ማን አስቀድሞ ይዝራ በሚል ነገር ተጣሉ። ጎረቤታችን «በሬዬን ፈትቼ እሄዳለሁ» አለ፤ አባቴም «ፍታው!» አለው። ሁለቱም ከልባቸው አልነበረም፤ ሁለቱም ሌላው መጥቶ እስኪለምን ድረስ ይጠባበቁ ነበር። በሬዎቹ በየበረታቸው ቆመው፥ ዝናቡም እየዘነበ፥ ዐሥራ አንድ ቀን አለፈ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው፤ ከንጋት እስከ ማታ ሲያርሱ ሰንብተው የሁለቱንም ማሳ ዘሩ። የመበለቲቱ ግን ተራው ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበርና፥ ዘግይቶ የተዘራው ጤፍ ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ቆመበት። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ በጥቅምት ከራሱ ጎተራ እህል ሰፍሮ ሰጣት። ይሁን እንጂ እስኪሞት ድረስ ያን ክረምት ሲያነሣ «ተጣልተን ታረቅን፥ ምንም አልጐደለብን» ይል ነበር፤ ለእርሱ እውነት ነው፥ አልጐደለበትም።

ከዚያ ወዲህ ዛቻ በሰማሁ ቍጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከገደሉ የሚወድቀው ማን ነው? በእንግሊዝ ነገር ሜይም ጆንሰንም፥ የኅብረቱም ሹማምንት አልነበሩም። በሰሜን አየርላንድና በደቡቡ መካከል 500 ኪሎ ሜትር የሚያህል ድንበር አለ፤ በዚያ አገር ሠላሳ ዓመት ያህል ደም ፈስሶ፥ በ1990 ዓ.ም. በተደረገው የሰላም ስምምነት ነገሩ ከበረደ ወዲህ ድንበሩ ያለ ኬላ የሚታለፍ ሆኖ ነበር። የሰሜን አየርላንድም ሰው ከመቶው 56 የሚሆነው ከኅብረቱ እንዳይወጣ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አፋፉ ላይ የቆመው እርሱ ነው፤ የሚደራደሩለት ግን ሌሎች ነበሩ። በመጨረሻም ኬላው ከየብሱ ተነሥቶ በባሕሩ ላይ፥ በእነርሱና በቀረችው ብሪታንያ መካከል ተተከለ።

«ሰሎሞንስ?» ይለኛል ወዳጄ። ሰሎሞን በሁለቱ ሴቶች ፊት ሰይፍ ያስመጣው ሕፃኑን ሊከፍል ሳይሆን ሊያስፈራ ነበር፥ በዛቻውም እውነት ተገለጠ ሲል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ችሎት ወደ ኋላ ያለችው ማን እንደ ሆነች ልብ እንበል። ልጁን ለባላጋራዋ የለቀቀችው እናቲቱ ናት። በዛቻ ክርክር ውስጥ አስቀድሞ የሚረታው የሚራራው ነው፤ የማይራራው የሚያጣው ነገር የለምና። በዚያ ችሎት ሰሎሞን ስለ ነበረ የራራችው ልጇን አገኘች። በመንግሥታት መካከል ግን ዳኛ በሌለበት፥ ሰይፉን የጨበጡት ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ሲሆኑ፥ ልጁ የሚሰጠው ለማን ነው? እኔ በእንዲህ ያለው ድርድር የምፈራው ሐሰቱን ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ ለሦስተኛው ያነሰ ለሚያስበው ብልጫ መስጠቱን ነው።

አገራችን ጎጃም ይህን በገላዋ ታውቀዋለች። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውሃ ላይ በደርቡሽ ድል ከሆኑና ጎንደር ከተቃጠለች በኋላ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ በዐፄ ዮሐንስ ላይ ተማከሩ። ዐፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. መግቢያ ጎጃም ገብተው አገሩን አጠፉት። ምኒልክ ሠራዊታቸውን ይዘው ከዓባይ ማዶ ነበሩ። ሁለቱ ታላላቅ ነገሥታት በገደሉ ወዲያና ወዲህ እየተያዩ፥ እየተላላኩ፥ ሳይዋጉ ቀሩ፤ ይህም በኋላ እንደ ብልሃት ተቈጠረላቸው። የጎጃም ገበሬ ጎተራ ግን ተቃጥሎ ነበር። ተክለ ሃይማኖት በጥር ወር ገቡ፤ ዐፄ ዮሐንስም ወደ መተማ ሄደው በመጋቢት በዚያው ወደቁ። ጦሩ የተወውን ከብት የከብት በሽታ ፈጀው፥ ክፉ ቀን የሚባለውም ዘመን ተከተለ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በመግባታቸው እንደ ደካማ የሚናገርባቸው ሰው አሁንም አይታጣም፤ እኔ የጎጃም ሰው ነኝና አድልተሃል እባል ይሆናል፥ ነገር ግን በዚያ ችሎት ከሦስቱ ነገሥታት እንደ እናቲቱ ያደረጉ እርሳቸው ይመስሉኛል፤ ዘግይተው ቢሆንም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን የውጫሌ ውል ተፈረመ። እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ የዚህን ውል 17ኛ ክፍል ባሰብሁ ጊዜ ሁሉ ሰምና ወርቅ ይታየኛል። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን በዚያው መንገድ ብቻ ይላላኩ ዘንድ ተስማምተዋል የሚል ነው። ባለ ቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘውና እንዲደሰትበት ነው፤ ሰሚው እንዳያገኘው ብሎ የሚሰውር ባለ ቅኔ አላየሁም። የዚህ ውል ጸሓፊ ግን ሰሙን ለእኛ፥ ወርቁን ለራሱ ሰጠ። ዐፄ ምኒልክም ነገሩን ባወቁ ጊዜ ተከራከሩ፥ በ1883 ዓ.ም. አንቶኔሊ ተቈጥቶ ሄደ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ግን ውሉ ራሱ በፈቀደው ሥርዐት፥ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድመው፥ ውሉ መቅረቱን ለኃያላኑ ሁሉ አስታወቁ። ይህ ዛቻ አይደለም፤ ወርቁም ሰሙም አንድ ነው፤ እተወዋለሁ አሉ፥ ተዉት። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ቆይቶ በዐድዋ መጣ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተደረገውም የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ሻረው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እመጣለሁ፤ ወዳጄ የሚረታኝ በዚህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው በዚሁ በጎጃም መጡ፤ ቡሬ የነበረው የጣልያን ጦር የመጣበት ሠራዊት ከራሱ እጅግ ያነሰ ሲሆን የበዛ መስሎት በየካቲት ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። (በጦር ሜዳ ጠላትን ማታለል ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ወዳጅ ነኝ ያለ የለምና።) በሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ነገር ግን አብሮ ያስገባቸው ወዳጅ ቶሎ የሚሄድ አልነበረም። በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ የተፈረመው ውል ኢትዮጵያን ነፃ መንግሥት ነች ብሎ፥ ወዲያው ደግሞ የእንግሊዙን ሚኒስትር ከሌሎቹ መልእክተኞች ሁሉ በላይ አስቀመጠው፤ አማካሪዎችም እንግሊዞች ሆኑ፤ ምድር ባቡሩና ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር እጅ ቀሩ። ለዚህም በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፥ በሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ እርዳታ ነበረበት። ባዶ ግምጃ ቤት ይዞ የተመለሰ መንግሥት ይህን ገንዘብ «አልፈልግም» ማለት ቀላል አልነበረም።

ይሁንና በግንቦት 1936 ዓ.ም. ውሉ የሚቀር መሆኑን አስታወቁ። ዓለም ሁሉ በጦርነት ላይ ነው፥ በአገሩ ውስጥ የእንግሊዝ ወታደር አለ፥ ግምጃ ቤቱ የሚደገፈው በእንግሊዝ ገንዘብ ነው። ይህ በእውነት አፋፍ ነው። ለንደን ቆይታ ሎርድ ዴ ላ ዋርን ላከች፤ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ውል ተፈረመ፥ በእኛም በኩል የፈረሙት ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ናቸው። የሚኒስትሩ ብልጫ ቀረ፥ ምድር ባቡሩ ተመለሰ። ኦጋዴንና ሐውድ የሚባለው ምድር ግን፥ የኢትዮጵያ ባለቤትነት ሳይነካ፥ ለጦርነቱ መርጃ በሚል ቃል በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆየ። ኦጋዴን የተመለሰው በ1941 ዓ.ም. መግቢያ ነው፤ የሐውድ ውል የተፈረመው ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው።

ወዳጄ ይህን ባነበብሁለት ጊዜ «ታዲያ የኔታ፥ ንጉሡ ዝም ማለት ነበረባቸውን?» አለኝ። አልነበረባቸውም አልሁት። ዝም ቢሉ ኖሮ እንግሊዝ በተመቻት ወንበር ላይ በተቀመጠች ነበር። ማስታወቂያውም በውሉ ሥርዐት የተሰጠ ነው፥ እንደ ምኒልክ። ከዚህም በላይ መንግሥት ሁልጊዜ የሚያስይዘው የሌላውን ሰው ቤት ነው፤ በራሱ ጎተራ ብቻ የሚደራደር ንጉሥ የለም። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው የሚጐዳበት ዛቻ ሁሉ ክፉ ነው ብዬ ብፈርድ ምኒልክንም ልኰንን ነው፤ ይህን ደግሞ አላደርገውም።

«እንግዲያውስ ረታሁህ» አለ። «ጥቂት ቆይ» አልሁት። ሐውድን ውሰድ። ዝናብ በጣለ ጊዜ ግመሎቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ሶማሌ ወደዚያ የሚሻገሩ ዘላኖች ነበሩ፤ በ1889 ዓ.ም. እንግሊዝና ምኒልክ ድንበሩን ሲዋዋሉ አልጠየቋቸውም፤ በ1937ም አልጠየቋቸውም፤ በ1947 ዓ.ም. እንግሊዝ ስትለቅ የግጦሽ መብታቸው በወረቀቱ ላይ ተጻፈላቸው እንጂ እነርሱ የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቻቸው ለንደን ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ምድሩ የኢትዮጵያ መሆኑን እኔ አልጠራጠርም፤ የምናገረው ስለ ምድሩ አይደለም። አባቴ በዚያ ሐምሌ «ፍታው!» ከማለቱ በፊት ወደ መበለቲቱ ቤት ሄዶ «በሬዎቹ ሊለያዩ ነው፥ ምን ትያለሽ?» ቢላት ኖሮ ጠቡ ይቀር እንደ ሆነ አላውቅም፤ ምናልባት አይቀርም ነበር። እርሷ ግን ሰው ፈልጋ በመቈፈሪያም ቢሆን ጥቂት ታስዘራ ነበር።

ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና «በእንግሊዝስ ጠይቀዋቸው ነበር እኮ፤ ሕዝቡ ሁሉ ድምፅ ሰጠ» አለ። ጠይቀዋቸው ነበር አልሁት፤ አየርላንዶቹም መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተናገርንም፤ እርሱም ሲመሽ ወደ ቤቱ ሄደ፥ የማስተካክለው የተማሪ ፈተና አለኝ ብሎ።