የዕቃ መልክና የሠሪው ኅሊና

ሰው የሚሠራው ዕቃ ሁሉ፥ ሠሪው ዝም ቢል እንኳ፥ ስለ ሠሪው ይናገራል። ወገብ የሚያሳምም ወንበር፥ እጀታው ከእጅ የሚያመልጥ ማሰሮ፥ ጽሕፈቱ የማይነበብ ማስታወቂያ፥ ሠሪዎቻቸው ስለ ተጠቃሚው ምን ያህል እንዳሰቡ ይመሰክራሉ። ስለዚህ ዛሬ ዲዛይን፥ በእኛው ቃል ንድፍ የሚባለው ነገር፥ የውበት ብቻ ሳይሆን የምግባርም ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

ወደዚህ ሐሳብ የመራን በመካኒሳ ያየነው አንድ ትንሽ ነገር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ተራ ስንጠብቅ አንድ ወጣት አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊው ከመስኮቱ በስተኋላ ሆኖ የባለጉዳዮችን ስም በቃል ይጠራል። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ታጣና ተራው ለሌላ ተላለፈ። ወጣቱ በእጁ የያዘውን ወረቀት ስናይ የተጠራው ስም የእርሱ ነበረ፤ መስማት የተሳነው በመሆኑ ግን ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ትከሻውን ነካ አድርገን አመለከትነው። ፊቱ ላይ ያየነው ምስጋና ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረትም ነበረበት።

መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ነው። ታዲያ በዚህ ሰፈር ለጆሮ ብቻ የተሰናዳ አገልግሎት እንዴት ተገኘ? ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ነበር የጠራው። ጥፋቱ ያለማሰብ ጥፋት ነው። በግድግዳው ላይ የተራ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ፥ ወጣቱ የማንንም ርኅራኄ ሳይሻ ጉዳዩን በፈጸመ ነበር። ለእርሱ ያ ሰሌዳ ፍትሕ እንጂ ጌጥ አይደለም።

ስለ ንድፍ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰነዘር እንሰማለን። አንዳንዶች «ብዙ የሚያስፈልገው ሕዝብ ስለ ዕቃ መልክ ማሰቡ ቅንጦት ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «መልኩ ያማረ ዕቃ ቶሎ ይሸጣል» ብለው ነገሩን ሁሉ በትርፍ ይመዝኑታል። ሁለቱም ንድፍን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለበስ ልብስ አድርገው በመቁጠራቸው ተሳስተዋል።

ለፊተኞቹ ጀበና መልስ ትሰጣለች። ጀበናን ያበጁልን ባለጸጎች አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ የልፋታቸውን ያህል ክብር ያላገኙ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ሆዷ የሰፋው ቡናው እንዲፈላ፥ አንገቷ የጠበበው ረጋ ተብሎ ሲቀዳ አተላው እንዲቀር ነው። ከዚያች ቅርጽ ላይ ምን ይቀነሳል? ውበቷ የመጣው ከአገልግሎቷ ነውና፥ ድህነት ንድፍን እንደማይከለክል ከዚህ እንማራለን።

ለኋለኞቹ ደግሞ ጠርሙስ ይመልስላቸዋል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በልደታና በመካኒሳ ለብዙ ዘመን ሲጠምቅ ኖሯል፤ ጉደርና አክሱማይት የሚባሉትን የማያውቅ ጥቂት ነው። በማንኛውም ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ለገዢው የተሰጠ ቃል ነው። ወረቀቱ አምሮ በውስጡ ያለው ቢከፋ፥ ነዳፊው የውሸት ምስክር ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ አንድ ጊዜ ይሸጥ ይሆናል፤ ሁለተኛ ግን የሚገዛው አይገኝም። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ማለታቸው ለነጋዴም ይሆናል።

ትርፍን መናቃችን ግን አይደለም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ብዙዎች የችግር ጫማ ብለው ንቀውት ነበር። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁሙ፥ ያንኑ የተናቀ ጫማ ከእግር ጋር በሚስማማ ቅርጽ፥ በእጅ በተፈተለ ጥጥ አስጊጠው ለውጭ አገር ገበያ አቀረቡት። ጎማው ያው ጎማ ነበረ፤ የተለወጠው ለእግሩ የተሰጠው ክብር ነው። ትርፉም ይህን ተከትሎ መጣ።

እንግዲህ በድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራው ነዳፊ የማን አገልጋይ ነው? ደመወዙን የሚከፍለው ጌታው ነው፤ በእጁ ሥራ የሚጠቀመው ወይም የሚጎዳው ግን በስም የማያውቀው ሰው ነው። የቤት ነዳፊ ከውጭ ከሚጠራው የሚበልጠው መኪናውን፥ መጋዘኑንና የደንበኛውን አቤቱታ በየቀኑ ስለሚያይ ነው። የሚያሰጋው ደግሞ፥ ከመልመድ ብዛት ጉድለቱን ማየት መተዉ ወይም አለቃውን ፈርቶ ዝም ማለቱ ነው። ዕውቀት ሳለው ዝም የሚል ነዳፊ፥ ያንን ወጣት በወንበሩ ላይ ካስቀረው አሠራር ጋር ተባባሪ ይሆናል። አለቃውም ቢሆን ነዳፊውን በሥራው መጨረሻ ቀለም እንዲቀባ ብቻ የሚጠራው ከሆነ፥ ለዝምታው ደመወዝ እየከፈለ ነው።

አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት፥ ከሥነ ጥበብ ጎን ዲዛይንን በስሙ ጨምሮ ይዟል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ እጅን ቢያሠለጥን፥ ያ እጅ እንዲደመጥ የሚያደርገው ቀጣሪው ነው።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት አንድ ቀን ከወንበራቸው ተነሥተው በባለጉዳይ ወንበር ቢቀመጡ፥ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን «ይህ ያምራልን?» ከማለት አስቀድመው «ይህ ማንን ያስቀራል?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል። ያ ወጣት የጠየቀው ትልቅ ነገር አልነበረም። ተራው ሲደርስ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው።