«አሸነፍን» ለማለት መብት ያለው ማን ነው?

የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን ሳይናገር አያልፍም። «አሸነፉ» ያለ ሰው ራሱን ከድሉ ውጭ አቁሟል። «አሸነፍን» ያለ ደግሞ በአንዲት «ን» ድሉ ውስጥ ገብቷል። የስፖርት ደጋፊ ይህችን ፊደል በየሳምንቱ ያለ ሒሳብ ይጠቀምባታል። ኳስ አልነካም፣ አልሮጠም፣ ጉልበቱ አልተጎዳም። ተቀምጦ አየ፣ ቆሞ ጮኸ፣ በቃ። ግጥሚያው ሲያልቅ ግን «አሸነፍን» ይላል፤ አንዳንዴም ያለቅሳል። ምን አድርጎ ነው ያሸነፈው?

ለጥርጣሬው የቆየ መልስ አለ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ደጋፊው በተውሶ ጌጥ የሚኮራ ሰው ነው ማለት ነው። ይህን ተረት በጥናት የሚያጠናክር ነገርም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጥንቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲያቸው ቡድን ቅዳሜ ካሸነፈ፣ ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤታቸውን ስም የያዘ ልብስ ለብሰው የሚመጡት ይበዛሉ። ስለ ግጥሚያው ሲጠየቁም ድሉን «እኛ» እያሉ፣ ሽንፈቱን ደግሞ «እነሱ» እያሉ የመናገር ዝንባሌ ታየባቸው። በአማርኛ ሲገለጥ «አሸነፍን» እና «ተሸነፉ» ነው። «ን» ስትጠቅም ትመጣለች፤ ስታስከፍል ትሄዳለች።

ደጋፊ ማለት ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ይህን ፍርድ የሚያስቸግሩ ድሎች አሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2016 በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ የታየው አንዱ ነው።

የአውስትራሊያ ፉትቦል፣ ሰዉ «ፉቲ» የሚለው፣ ሞላላ ሜዳ ላይ በየወገኑ 18 ሰው ሆኖ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በእግርም በእጅም ይቀባበሉበታል። በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች መሐል የገባ ኳስ 6 ነጥብ፣ በጎን ያለፈው 1 ነጥብ ያስገኛል። በዚያ ቀን 99,981 ተመልካች ፊት ዌስተርን ቡልዶግስ ሲድኒ ስዋንስን 89 ለ67 አሸነፈ። የ22 ነጥብ ልዩነት ሲሰሙት ሰፊ ይመስላል፤ ግጥሚያውን ላየ ሰው ግን አልነበረም። ወደ መጨረሻው ሩብ ሲገባ ሁለቱን ቡድኖች የሚለያቸው ነገር ጥቂት ነበር። በኋላ ዴል ሞሪስ የሲድኒውን ታላቅ አጥቂ ላንስ ፍራንክሊንን ይዞ ጣለው፤ ኳሱ አፈተለከ፤ ቶም ቦይድ አንሥቶ ከሩቅ መታው። ባዶ ሜዳ ላይ ነጥሮ ነጥሮ ገባ። የቡልዶግስ ደጋፊዎች «አሁን አለቀ» ለማለት የደፈሩት ያኔ ነው።

የደፈሩት ያኔ ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡድኑ ከዚያ በፊት ዋንጫ የበላው አንድ ጊዜ፣ በ1954 ነበር። ለፍጻሜ የደረሰበት የመጨረሻ ዓመትም 1961 ሲሆን ያኔ ተሸንፏል። ከዚያ ወዲህ ለፍጻሜ አንድ ግጥሚያ ሲቀረው ሰባት ጊዜ ወድቋል፤ በ1985፣ በ1992፣ በ1997፣ በ1998፣ በ2008፣ በ2009 እና በ2010። የ1997ቱ በ2 ነጥብ ብቻ ነው። በ1954 የ10 ዓመት ልጅ ሆኖ ዋንጫውን ያየ ደጋፊ፣ ሁለተኛውን ሲያይ 72 ዓመት ሞልቶታል። በመካከሉ ያለው ዕድሜው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ያለፈ ነው። በ2016ም ቢሆን ቡድኑ መደበኛውን ውድድር የጨረሰው ሰባተኛ ሆኖ ነው፤ ከሰባተኛ ደረጃ ተነሥቶ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም።

እንግዲህ ይህ የ72 ዓመት ሰው «አሸነፍን» ሲል የሰው ወርቅ አጠለቀ ማለት ይቻላል?

አንዱ መከላከያ የድርሻ መከላከያ ነው። ቡድኑ ያን ጊዜ የሚጠራው በሰፈሩ ስም፣ ፉትስክሬይ ተብሎ ነበር። ፉትስክሬይ ከሜልበርን በስተ ምዕራብ ያለ፣ ያን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር የነበረ ነው። በ1989 የሊጉ አስተዳደር ዕዳ የከበደውን ይህን ቡድን ከፊትዝሮይ ጋር ሊያዋህደው ወሰነ። የሰፈሩ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ጥቂት ሳምንታት አስፈቀደ፤ ከዚያ ቆርቆሮ ይዞ በየመንገዱና በየበሩ ገንዘብ ለመነ። ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተሰብስቦ ቡድኑ ተረፈ። ፊትዝሮይ ግን ዕድሉ ሌላ ሆነ፤ በ1996 ከብሪዝበን ቡድን ጋር ተዋህዶ ከሜልበርን ጠፋ። ስለዚህ በ1989 ሳንቲሙን ቆርቆሮ ውስጥ የጣለ ሰው በ2016 «አሸነፍን» ቢል ተውሶ አይደለም። እሱ ባይኖር ሜዳ ላይ የሚሮጥ ቡድን ባልኖረም ነበር።

ይህ መከላከያ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። በ2016 ካለቀሱት ብዙዎቹ በ1989 አልተወለዱም፤ ወይም በዚያ አገር አልነበሩም። ድርሻን በገንዘብ ከለካነው ደግሞ ትልቁ «አሸነፍን» የስፖንሰር አድራጊው ኩባንያ ይሆናል። ማንም ግን ኩባንያው ያለቅሳል ብሎ አይጠብቅም። ደጋፊውን ባለመብት የሚያደርገው ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መለኪያ በእጁ አለው፤ ዕድር ነው። ዕድርተኛ የሚኮነው በመዋጮ ብቻ አይደለም። መዋጮውን እየከፈለ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ይቀጣል፤ ይታማልም። ድንኳን ሲተከል የተገኘ፣ ወንበር የተሸከመ፣ የሰው ሐዘን ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ እሱ «ሰዋችን» ይባላል። ዕድር ሰውን የሚያውቀው በደስታው ቀን ሳይሆን በክፉ ቀን በመገኘቱ ነው። አዲስ ገቢም የተወለደበት አገር አይጠየቅም፤ መግቢያውን ይከፍላል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይገኛል።

ደጋፊነትንም የሚፈርደው ይኸው ሚዛን ነው። «አሸነፍን» የማለት መብት የሚገኘው «ተሸነፍን» በማለት ነው። የቻልዲኒ ተማሪዎች ያጎደሉት ኳስ መንካትን አይደለም፤ ሁለተኛውን ቃል ነው። በ1997 በ2 ነጥብ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሲሄድ «ተሸነፍን» ያለ ሰው፣ ያን ቀን ያዋጣው ነገር አለ። ያዋጣው ቡድኑን ላይጠቅም ይችላል። ለቀስተኛም ሟችን አያስነሣም፤ ቢሆንም መምጣቱ ከንቱ ነው የሚል የለም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። ታማኝነት ብቻውን በጎ ነገር ነው ወይ? ሰው ለመጥፎ ነገርም ታማኝ ይሆናል፤ በክፉ ቀን የማይለይ ወንበዴም አለ። ፈላስፋው ስቲቨን መምፎርድ በ2011 ባወጣው መጽሐፍ ወገን ሳይዝ ለጨዋታው ውበት የሚመለከት ሰው የተሻለ ያያል ብሎ ይሟገታል። ኒኮላስ ዲክሰን በበኩሉ በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ መካከለኛውን መንገድ ይመርጣል፤ ቡድኑን በታማኝነት የሚወድ፣ ግን ፍቅሩ ዓይኑን ያልጋረደው ደጋፊ።

የ2016ቱ ፍጻሜ ይህን ሐሳብ የሚፈትን ቁጥር ትቶልናል። በዚያ ቀን ዳኞቹ ለቡልዶግስ 20፣ ለሲድኒ 8 የቅጣት ምት ሰጥተዋል። በመጨረሻው ሩብ የቡልዶግሱ ኢስተን ውድ ኳስ ላይ ሲወረወር ከሲድኒው ዳን ሃነበሪ ጉልበት ጋር ተጋጨ፤ ሃነበሪ ተጎድቶ ወጣ፤ የቅጣት ምት ግን አልተሰጠም። ቁጥሩ ብቻውን አድልዎን አያረጋግጥም። ኳሱን ቀድሞ የሚደርስበት ቡድን ብዙ ጊዜ ጥፋት የሚፈጸምበትም እሱ ነው። ይሁን እንጂ የሲድኒ ደጋፊ 20 ለ8ን ሲያነሣ የቡልዶግስ ደጋፊ ምን ይመልሳል? «ዝም በል፣ ዋንጫው የኛ ነው» ካለ ዓይኑ ተጋርዷል። «አዎ፣ ያ ምት ለእናንተ ይገባ ነበር፤ ሆኖም አሸነፍን» ማለት የቻለ ግን ድሉን ከነሒሳቡ ተቀብሏል። ሐዘንን መካፈል አንዱ ዕዳ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዕዳ የራስን ወገን ጥፋት በራስ አፍ መናገር ነው። የወንበዴውን ታማኝነት ከደጋፊው የሚለየው ይህ ሁለተኛው ዕዳ ነው።

ሦስተኛም ዕዳ አለ፤ ድሉን በአካላቸው ለከፈሉት ሰዎች። የቡድኑ አምበል ቦብ መርፊ በውድድሩ መጀመሪያ ሳምንታት ጉልበቱን ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ዕድሜውን በአንድ ቡድን የጨረሰ ሰው፣ 62 ዓመት የተጠበቀውን ቀን ከሜዳ ውጭ ሆኖ አየው። ሽልማት ሲሰጥ አሰልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ መርፊን ወደ መድረኩ ጠርቶ የራሱን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። መርፊ በኋላ ሜዳሊያውን መለሰው፤ በ2017ም በፍጻሜ ግጥሚያ አንድም ቀን ሳይሰለፍ ጫማውን ሰቀለ። «አሸነፍን» ለማለት ከማንም የበለጠ የሚገባው ሰው ሜዳሊያውን ይዞ ለመቅረት አለመፈለጉ፣ ከሶፋ ላይ ተነሥቶ ቃሉን በቀላሉ ለሚወረውረው ሁሉ ትምህርት ነው።

ቶም ቦይድም አለ። ያ ነጥሮ ነጥሮ የገባው ኳስ ባለቤት የአእምሮና የአካል ጤናው ስለተፈተነ በ2019፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ጨዋታ አቆመ። ደጋፊው ያንን ጎል «የኛ» ካለ፣ ልጁ «አልችልም» ብሎ የሄደበትንስ ቀን የማን ሊለው ነው? ጎሉን ወስዶ ሰውየውን መተው የሰኞ ልብስ የመምረጥ ያህል ነው።

ዛሬ የፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። እንጀራ ይሸጣል፣ ቡና ይፈላል። በ1954ም ሆነ በ1989 እዚያ ያልነበረ፣ ሞላላውን ኳስ ሲያይ መጀመሪያ ግራ የተጋባ ሰው፣ ልጁ የቡልዶግስን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መለያ ለብሶ ሲገባ ያያል። ልጁ «አሸነፍን» ይላል። ሊቆጣው የሚገባ ነገር የለም። «እኛ» በትውልድ ብቻ የሚወረስ ርስት ቢሆን ኖሮ ስደተኛ በየትኛውም ቋንቋ ያለ «ን» በቀረ ነበር። ልጁ ቃሉን የሚከፍለው ወደፊት ነው፤ ቡድኑ በሚሸነፍበት ቅዳሜ።

ለአባትየው ግን ጥያቄው ከኳስ ሜዳ ይሰፋል። በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሩቅ «እኛ» ማለትን ያውቃል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ «አሸነፍን» ተባለ፤ ዓድዋ ላይ «አሸነፍን» የሚሉት በ1896 ያልተወለዱ ናቸው። ይህ ሁሉ ስህተት አይደለም። ስህተት የሚሆነው ድሉን «አሸነፍን»፣ ረሀቡን «ተራቡ»፣ ጥፋቱን «አጠፉ» ሲሉ ነው። ከሜልበርን፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ዋጋውን ሌላ ሰው በሚከፍልበት ነገር ላይ «እኛ» የሚል ሰው፣ ሊመዘን የሚገባው በጩኸቱ ከፍታ አይደለም። ሚዛኑ ሁለቱ ሌሎች ግሦች ናቸው፤ «ተሸነፍን» እና «አጠፋን»። ርቀት «እኛ» ከማለት አይከለክልም፤ ለመክፈል ግን የበለጠ ጥረት ይጠይቃል።

ቡልዶግስ ለሚቀጥለው ፍጻሜ ብዙ አላስጠበቀም። መስከረም 25 ቀን 2021 ፐርዝ ላይ ከሜልበርን ጋር ገጠመ፤ በ1954 አሸንፎት ከነበረው ከዚያው ቡድን ጋር። በሦስተኛው ሩብ እየመራ ሳለ ጨዋታው ከእጁ ወጣና በ74 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ። ሜልበርን ከ1964 ወዲህ ዋንጫ ያልቀመሰ ቡድን ነበርና፣ በሌላው ወገን ዕድሜ ልኩን የጠበቀ ሌላ ሽማግሌ ያን ማታ አልቅሷል። የ2016ቱ «አሸነፍን» ዋጋው የወጣው ያን ማታ ነው፤ «ተሸነፍን» ብሎ መለያውን ሳያወልቅ ባደረ ሰው ቤት።