ኩቹምባው እኔ ነኝ

ቅዳሜ የጂንካን ገበያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ነው። ከአሪ መንደሮች ቡናና ቆጮ ተሸክመው የመጡ እናቶች፣ በናዎች፣ ከማጎ ወዲያ የመጡ ሙርሲዎች፣ ባጃጆች፣ ሲም ካርድ የሚሸጡ ልጆች። እኔ የላፕቶፕ ቦርሳዬን እንደ መርካቶ ልማዴ ደረቴ ላይ አቅፌ እየተጋፋሁ ሳልፍ፣ አንድ የሙርሲ ሰውዬ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ ለጓደኛው አንዲት ቃል ተናገረ። “ኩቹምባ።”

አብሮኝ የነበረው የጂንካ ልጅ ሳቀ።

“ምን አለኝ?”

“ደገኛ ማለቱ ነው። እናንተን እንደዛ ነው የሚሏችሁ።”

“እናንተን?”

“አዎ፣ እናንተን” አለና የቡና ዋጋ መጠየቁን ቀጠለ።

በኋላ ሳነብ ቃሉን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ባጠናው በአንትሮፖሎጂስቱ በዴቪድ ተርተን ጽሑፎች ውስጥ አገኘሁት። ሐመሮች ደግሞ “ጋል” ይሉናል። ያኔ ግን ይህን አላውቅም፤ የማውቀው ደሜ መፍላቱን ብቻ ነው። እንዴ! መታወቂያ አለኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 በፈለግኩበት የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት ይሰጠኛል። በገዛ አገሬ የምን “እናንተ” ነው?

ንዴቴ ግን ከገበያው የቆየ ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ዓመት ዱባይ ሠርቻለሁ። ዴራ ውስጥ፣ “ቤድ ስፔስ” በሚሏት፣ ለስድስት በምንካፈላት ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ ነበር የማድረው። ነሐሴ ላይ ከኤሲው ሥር ተነስታችሁ ደጅ ስትወጡ አየሩ ራሱ እንደ ጋለ ምጣድ ፊታችሁን ይመታችኋል። በኤምሬትስ ከ10 ነዋሪ 9 ያህሉ የአገሩ ዜጋ ስላልሆነ እዚያ እንግዳ መሆን ብርቅ አይደለም። ከእኔ በታች ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ፓኪስታናዊ ወደ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ከተማዋን እንደ መዳፉ ያውቃታል። እሱም እንግዳ ነው፤ ቪዛው ሲያበቃ ሠላሳው ዓመትም አብሮ ያበቃል። አንድ ቀን ስለ ጡረታ ጠየቅኩት፣ መልስ ሳይሰጠኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ማታ “አገሬ ስገባ ማንም እንግዳ አይለኝም” ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ከዚያ በ“ኩቹምባ” ተቀበሉኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። እኔ ጂንካ ውስጥ እንግዳ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ጨዋታ ይመስላል እንጂ መልሱ ጠዋት ስነሳ እንዴት እንደምሠራ፣ ሰውን እንዴት እንደማናግር ይወስናል።

አቋራጭ መልስ አለ። “የሰው ዘር ሁሉ መነሻው ኦሞ አይደል እንዴ?” ማለት ይቻላል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ አጠገብ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜ በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ተብሏል። እኔም ይህን ክርክር ሞክሬዋለሁ፣ አከራዬ ላይ። “ታዲያ ለዘመድ ኪራይ ቀንሺልኝ” ብላት እየሳቀች ጨመረችብኝ። የ230 ሺህ ዓመት ዝምድና ዛሬ ማን ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት አይነግረንም።

ነገሩን በቁም ነገር እንዳስብ ያደረገኝ የራሴ ኮድ ነው። ያኔ የምዝገባ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነበር፣ ለማን እንደሆነ ይቅር። “የትውልድ ቀን” ከሚለው ሳጥን አጠገብ ቀይ ኮከብ አስቀምጫለሁ፤ ካልተሞላ ወደ ቀጣዩ ገጽ አያሳልፍም። ልንሞክረው ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ ቱርሚ ወረድን። ከጂንካ ወደ ቱርሚ ስትወርዱ የአየሩ ለውጥ መስኮት ከፍታችሁ ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው። ፀጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ የተቀባች አንዲት የሐመር ሴት ተራዋ ደረሰ። ዕድሜዋ የእናቴን ያህላል።

“መቼ ተወለድሽ?” አላት መዝጋቢው።

“ሽ” መባሏን ልብ በሉ። ያው ልጅ የእኔን እናት ቢመዘግብ “መቼ ተወለዱ?” ነበር የሚለው። እዚህ ግን አንቱታው ምላሱ ላይ አልመጣም፤ እኔም በሰዓቱ አልጎረበጠኝም።

ሴትየዋ ረጅም መልስ ሰጠች። በጣቶቿ ቆጠረች፣ ወደ ተራራው ጠቆመች፣ አንዴም ሳቀች። ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገረች። የሚያስተረጉመው ልጅ ሁሉንም ሰማና ወደ እኛ ዞሮ፣

“አታውቅም” አለ።

መዝጋቢው “ጥር 1” ብሎ ሞላ፣ ዓመቱን በግምት። ሲስተሙ ተቀበለ። ማታ ዳታቤዙን ስከፍት ጥር 1፣ ጥር 1፣ ጥር 1 እያለ ይወርዳል። የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የተወለደ ይመስላል።

ሴትየዋ ግን ታውቃለች። ከማን ቀጥላ፣ ከማን ቀድማ፣ በየትኛው ድርቅ ማግስት እንደተወለደች ሳትናገር አልቀረችም። ማወቅ ያቃተን እኛ ነን። ከቤቷ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ፣ አባቶቿ ከብት በጠበቁበት መሬት ላይ፣ በእኔ ቀይ ኮከብ ምክንያት እንግዳ ሆነች። እኔ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ መጥቼ ቋንቋው የእኔ፣ ካላንደሩ የእኔ፣ ፎርሙ የእኔ። ባለቤት መስዬ ቁጭ ብያለሁ።

ይህ በእኔ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የምኒልክ ጦር ወደዚህ ሲደርስ የመጡት ሰዎች ማረፊያ የለመኑ እንግዶች አልነበሩም። ጠመንጃ ይዘው መጡ፣ አሪው በገዛ መሬቱ ገባር ሆነ። በእኔ ዘመንም ቢሆን ጂንካ ሳልደርስ በፊት ከኦሞ በልቻለሁ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ አዲስ አበባ ላፕቶፔን ቻርጅ ሳደርግ የኦሞ ውኃ በገመዱ ውስጥ አለ። ከግድቡ በታች ግን ጎርፉ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሰዎች የዓመቱ ሙላት ቀርቶባቸዋል። አንድም ሰው ቤት ሳላንኳኳ ጎርሻለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ “እንግዳ ነኝ፣ አርፌ ልቀመጥ” ልል ቀረብኩ። እዚህ ላይ አከራዬ ያዘችኝ።

አከራዬ ጂንካ ነው የተወለደችው። አባቷ ለሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ድሮ አውሮፕላን ከተማው መሀል ባለው ሳር ሜዳ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ እሷ ድምፁ ሲሰማ ከጓደኞቿ ጋር ሮጣ ላሞቹን እያባረረች አድጋለች። በ2014 ዓ.ም. ከዞን ጥያቄ ጋር በተያያዘ ጂንካና አካባቢዋ ሲታመሱ፣ ቤት ሲቃጠልና ሰው ሲፈናቀል፣ ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ቤት አደረች። ያስጠጓት ሰዎች አሪዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አሪ የራሱ ዞን ሆኗል፣ ከተማዋም ተረጋግታለች። እሷ ግን “መጤ” የምትለዋን ቃል ስትሰማ እስከዛሬ እጇ ይቀዘቅዛል።

“ስማኝ ልጄ” አለችኝ ቡና እየቀዳች። “እንግዳ ነሽ ካሉኝ የማን እንግዳ ነኝ? የምመለስበት ሌላ ቤት የለኝም እኮ።”

ይህ ዓረፍተ ነገር ስፈልገው የነበረውን መለኪያ ሰጠኝ። እንግዳ ማለት መመለሻ ያለው ሰው ነው። እኔ መመለሻ አለኝ፤ ነገ ጂንካ ቢያስጠላኝ ትኬት ቆርጬ እናቴ ቤት ምሳ እደርሳለሁ። አከራዬ የላትም፣ ስለዚህ ማንም ምንም ቢላት እንግዳ አይደለችም። የሐመሯ ሴት የላትም። ዴራ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሰውዬም ከሠላሳ ዓመት በኋላ መመለሻው ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱን እንግዳ ማለት ውሸት ነበር። ሥራዬ ቢበላሽ እኔ ሄጄ ሌላ ቦታ እጀምራለሁ፣ የተበላሸውን ይዞ የሚቀረው እዚያው ያለው ሰው ነው። የእንግዳ ትሕትና ከእኔ የሚጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። መሄድ የሚችል ሰው ሲናገር ድምፁን ዝቅ ማድረግ አለበት።

ደግሞ ቃሉን ማን እንደሚናገረው ለውጥ አለው። እኔ “እንግዳ ነኝ” ስል ጨዋነት ነው። ሌላ ሰው “እንግዳ ነህ” ሲለኝ ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው “ቤትህ ነው” ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ደግነት ነው፤ እኔ ገና በሩ ላይ ቆሜ “ቤቴ ነው” ካልኩ ግን የ1890ዎቹን ንግግር እየደገምኩ ነው። በእኛ ሙያ ይህን የሚመስል የቆየ ሕግ አለ። ኢንተርኔት የሚሠራበትን የቲሲፒን ሰነድ ያዘጋጀው ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1980 ያስቀመጠው ነው፤ በአጭሩ ስትልክ ተጠንቀቅ፣ ስትቀበል ለጋስ ሁን እንደማለት ነው። ሁለቱም ወገን ይህን ሲያደርግ መስመሩ አይቋረጥም።

አንዳንዶቻችሁ “አንቀጽ 32ስ? ተውከው?” ትሉኝ ይሆናል። አልተውኩትም። መብት ግን ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤት ሲቃጠል ይወጣል፣ ለእኔም ለአከራዬም። በየገበያው እያወጣሁ የሙርሲ ሰው ፊት ላይ የማወዛውዘው ካርድ አይደለም።

ቀይ ኮከቡን አነሳሁት። አሁን ሳጥኑ “በግምት” ይቀበላል፣ ከማን ቀጥሎ እንደተወለዱም መጻፊያ ቦታ አለው። የጥያቄዎቹን አማርኛ በሙሉ ወደ አንቱታ ቀየርኩት። ትልቅ ነገር አይደለም፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መዝጋቢው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስላለበት ግን “መቼ ተወለዱ?” ማለት ጀመረ።

ያን ሰውዬ ከወራት በኋላ፣ በሌላ ቅዳሜ፣ እዚያው ገበያ አገኘሁት። የጂንካው ልጅ ባስተማረኝ የሙርሲ ሰላምታ ሰላም አልኩት። አነጋገሬ አስቆት መሆን አለበት፣ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀና እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ የሆነ ነገር ነገረው። ከሁሉም መሀል የለየኋት ያችኑ አንዲት ቃል ነው።

ኩቹምባ። ልክ ነው።